ሙሾዋን ያረመች ሴት

አንዲት ሴት አልጋዋ ላይ ተኝታ የራሷን ሙሾ ሰማች።

አልሞተችም። ዓይኗ ያያል፣ ጆሮዋ ይሰማል፣ ትንፋሿ ይገባል ይወጣል። ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ በበረታበት ሳምንት፣ ከመኝታዋ ልትነሳ ስትል ቀኝ ጎኗ ከዳት። ሰው ልትጠራ ስትል ምላሷ ታሰረ። ሐኪም አያት፤ ጸበልም ተረጨች። ምላሷ ግን አልፈታ አለ።

ጎረቤት መጣ፤ ቤቱ ሞላ። የማይናገር ሰው የማይሰማ ይመስለናል፤ አይመስለንም? እነሱም እንደዚያ መሰላቸው።

«እንግዲህ የቀን ጉዳይ ነው» አለ የእድሩ ዳኛ፣ ራስጌዋ ቆሞ። «ድንኳኑን ዛሬውኑ እናስጥፈው። ባለፈው ለቅሶ ላይ አፍስሶብን አፍረናል።»

«በዚህ ዝናብ መቃብሩስ እንዴት ሊቆፈር ነው?» አለ ሌላው።

ግርጌዋ ደብሪቱ ተቀምጣለች። ደብሪቱ ሙሾ አውራጅ ናት። በዚያች ከተማ እሷ ሳታወርድለት የተቀበረ ሰው ቀብሩ እንደ ጎደለ ይቆጠራል። ግጥም ደግሞ ከሰማይ ዱብ አይልም፤ መሰናዳት ይፈልጋል። ስለዚህ ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ በለሆሳስ ትሞክረው ጀመር።

ጭቃ ሲረግጥ ኖሮ ምስኪኑ እግርሽ፣
አንድ ቀን ሳይደላሽ ጭቃው ወሰደሽ።

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። «እውነትሽን ነው። ምን ደስታ አየች ብለሽ! ጭቃ እያቦካች ጀመረች፣ ጭቃ እያቦካች ጨረሰች። ምስኪን!»

ሴትየዋ ሰማች። ቃል በቃል ሰማች። «ማን? እኔ? ምስኪን?» ልትል ፈለገች። ምላሷ ግን ታስሯል።

ወገኖቼ፣ ሰው ሕይወታችሁን ሲተርክላችሁ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አሳስቶ ሲተርከውስ? እናንተም «አይ፣ እንዲህ አልነበረም» ለማለት አፍ አጥታችሁ?

ይህች ሴት ትርንጎ ትባላለች። ሥራዋ ቤት መምረግ ነበር። ባሏ ቢራራ ቋሚ ያቆማል፣ ማገር ያስራል፤ እሷ አፈርና ጭድ አቡክታ ግድግዳውን ታለብሰዋለች። የዚያች ከተማ ሰው አብዛኛው ዛሬ የሚተኛው እሷ በመዳፏ በለሰነችው ቤት ውስጥ ነው። የእድሩ ዳኛም ጭምር። ደብሪቱም ጭምር።

አልተቸገረችም አልላችሁም። አንድ ልጅ በኩፍኝ ቀብራለች። ቢራራን ቀብራለች። ወገቧ ጎብጧል፤ ተረከዟ በጋ የመታው መሬት ይመስላል። ይህን ሁሉ ደብሪቱ ታውቃለች። ደብሪቱ የማታውቀው ሌላውን ነው።

ጭቃ የሚረገጥበትን ቀን አታውቅም። ያን ቀን ቢራራ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ይጠቀልላል። ድምፁ እንደ ተሰነጠቀ ገንቦ ነው፤ ቢሆንም ይዘፍናል። ትርንጎ በአንድ እጇ ልጇን ዳምጠውን፣ በሌላው ልጇን የውብዳርን ትይዛለች። እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ክብ ሠርተው ይረግጣሉ። ከዚያ ቢራራ ሆን ብሎ ያዳልጠዋል። እሱ ሲወድቅ እሷን ይዞ ይወድቃል፤ እሷ ስትወድቅ ልጆቹን ይዛ ትወድቃለች። አንድ ጊዜ እንዲያውም የቤቱ ባለቤት ወጥቶ «ቤት ሥሩልኝ አልኩ እንጂ ዋና ተማሩ አልኩ?» ብሎ ጮኸባቸው። ሳቃቸው ግን ጭራሽ ባሰ። ሰውየው ራሱ ሳቀ።

ከዚያ ወንዝ ወርዶ መታጠብ አለ። ሳር ላይ ተቀምጦ ንፍሮ መብላት አለ። ቤቱ ሲያልቅ ደግሞ ፊቱ ቆሞ፣ ትናንት ንፋስ ያፏጭበት በነበረው ማገር ላይ ድፍን ግድግዳ ማየት አለ። ይህ ሁሉ ሙሾው ውስጥ የለም።

ትርንጎ አልጋዋ ላይ ሆና ይህን አየችው። «ተመስገን» ልትል ፈለገች፤ አልቻለችም። ቢራራን፣ ልጆቿን፣ ጎረቤቶቿን «እግዜር ይስጥልኝ» ልትል ፈለገች፤ አልቻለችም። ኖራ ኖራ ምስጋናዋ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ። ሞትስ ቢሆን ምን አዲስ ነገር አለው? ሁሉም የሚሄድበት ነው። እሷ የፈራችው ሳታመሰግን አፏ እንዳይዘጋ፣ ደብሪቱም ያንን ውሸት በአገር ፊት እንዳታወርድባት ነበር።

የእግዚአብሔር ምሕረት ግን ብዙ ነው። መስከረም ጠባ። የውብዳር ከምትኖርበት ከተማ መጥታ እናቷን ታስታምም ነበር። አንድ ቀን አጥሚት በማንኪያ ስታጎርሳት የትርንጎ ምላስ ተፈታ። የመጀመሪያ ቃሏ ምን ይመስላችኋል? «ልጄ» የሚል ነው? «አምላኬ» የሚል ነው?

«ደብሪቱን ጥሪልኝ» አለች።

ደብሪቱ እልል እያለች መጣች። ጉንጯን፣ ግንባሯን፣ እጇን ሳመቻት።

«ያ ሙሾሽ» አለች ትርንጎ፣ እያንዳንዱ ቃል እየከበዳት፣ «ውሸት ነው።»

ደብሪቱ ክው አለች። «ሰማሽኝ እንዴ? አፈር በበላሁ! እሱ እኮ ገና ጅማሬው ነው። ሲያልቅ ሊያምር ነበር።»

«መሠረቱ የተንጋደደ ቤት ሲያልቅ ምን ያምራል? ደግሞ ምስኪን ትይኛለሽ። ምስኪኗ አንቺ!»

«ታዲያ በምን ላስለቅስ? ሰው የሚያለቅሰው ተቸግራ ኖረች ሲባል ነው። ስቃ ኖረች ሲባል ማን ያለቅሳል?»

«አታስለቅሺ!»

«ሥራዬ ነዋ፣ ትርንጎ!»

የውብዳር ማንኪያውን ይዛ በሳቅ ፈረሰች። ትርንጎ ግን አልሳቀችም። ነገሩን ይዛዋለች።

በከዘራ መሄድ ስትጀምር፣ እግሯ እንደ ልብ ሳይታዘዛት፣ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ አባ ወልደ ሰንበት ሄደች።

«አባቴ፣ ጥር ላይ የቁም ተዝካሬን ላወጣ ነው።»

የቁም ተዝካር ሰው ሳይሞት፣ በቁሙ፣ የራሱን ተዝካር ሲደግስ ነው። ይህን የሚያደርገው ብዙ ጊዜ ማን ነው? ልጅ የሌለው። ወይም ልጅ እያለው ልጁን የማያምን። ስለዚህ አባ ደነገጡ።

«ልጄ፣ ልጆች አሉሽ እኮ። እነሱ ያወጡልሽ የለ?»

«ያወጡልኛል፤ አልጠራጠርም። ያን ጊዜ ግን እኔ የለሁም። ሰው በልቶ ጠጥቶ ‹ነፍስ ይማር› ብሎ ይሄዳል። ‹እግዜር ይስጥልኝ፣ አኑራችሁኛል› የሚልልኝ ማን ነው? በሬሳ አፍ ይመሰገናል እንዴ አባቴ?»

አባ መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«ደግሞም ቤቴ ክረምቱን ተሰነጣጥቋል። በዚያው ቀን አስመርገዋለሁ።»

«በተዝካር ቀን ጭቃ?»

«ተዝካሩ የእኔ አይደል? የኖርኩትም በጭቃ ነው። በሌላ ነገር ባደርገው የማን ተዝካር ሊመስል ነው?»

አባ ወልደ ሰንበት ጢማቸውን እየዳበሱ ሳቃቸውን ደበቁ። «ከጸሎቱ በኋላ ከሆነ ይሁን» አሉ።

የከበደው የልጆቿ ነገር ነበር። የውብዳር እናቷ ሲሻላት ወደ ከተማዋ ተመልሳለች። ዳምጠው በትልቅ ከተማ መድኃኒት ቤት ከፍቶ የሚኖር፣ የተከበረ ሰው ሆኗል። ወሬው ሲደርሰው በስልክ ደወለ።

«እማ፣ የሰማሁት እውነት ነው?»

«እውነት ነው። አንተም እህትህም ትመጣላችሁ።»

«ሰው ምን ይላል? ልጅ እያላት የቁም ተዝካር አወጣች ሲባል፣ የወለደቻቸው አይቀብሯትም ማለት እኮ ነው! በምን ፊታችን ነው እዚያ ከተማ የምንገባው? ደግሞ ጭቃ! እኛ ያንን ጭቃ ልንረሳው ስንሞክር አንቺ በአገር ፊት ታወጪዋለሽ!»

«ልትረሱት?» አለች ትርንጎ።

ዳምጠው «ከደገስሽ እኔ አልመጣም። የውብዳርም አትመጣም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

እናቶች፣ ያን ቀን ትርንጎ ምን ሆነች ትላላችሁ? አለቀሰች። እምቢተኛ ብትሆንም እናት ናት። አፏ «ቢቀሩ ይቅሩ» ይላል፤ ሆዷ ግን «ምሳውን በልቶ ይሆን? እንደ ተናደደ መኪና ቢነዳስ? አንድ ነገር ቢሆንብኝስ?» ይላል። ይህን የማታውቅ እናት ከመካከላችሁ አለች?

ቢሆንም ወደ ኋላ አላለችም። እንባዋን ጠረገች፤ ሁለት ጎልማሶች ጠርታ በጓሮዋ ጉድጓድ አስቆፈረች። የምርጊት ጭቃ እንዲህ ነው የሚሰናዳው፤ አፈሩ ይቆፈራል፣ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ውሃና ጭድ ይጨመርበታል፣ እስኪቦካ ይተዋል፣ ከዚያ ይረገጣል።

ወሬ ግን የራሱ እግር አለው። ወፍጮ ቤት «ትርንጎ ጉድጓድ አስቆፈረች» ተባለ። ገበያ ሲደርስ «መቃብሯን በጓሮዋ አስቆፈረች» ሆነ። መናኸሪያ ሲደርስ ደግሞ «ገብታ ተጋድማ ለካችው፤ እግሬ ጋ ጠበበኝ ብላ አሰፋችው» ተባለ። ከመናኸሪያ አውቶቡስ ተሳፈረና ዳምጠው ጆሮ ገባ።

የተዝካሩ ቀን ደረሰ። ዳስ ተጥሏል። ጸሎቱ አልቋል። ሰው ሊበላ ሲቀመጥ ትርንጎ ዓይኗን ከበሩ ላይ አላነሳችም። ሁለት ባዶ መቀመጫ ከጎኗ አስቀምጣለች። ደብሪቱ «ሰው ቆሞ፣ ይቀመጥበት እንጂ» ብትል «ባለቤት አለው» አለቻት።

ያን ጊዜ የአጥሩ በር ላይ መኪና ቆመ። ዳምጠው በሚያብረቀርቅ ጫማው፣ የውብዳር ከኋላው እየሮጠች፣ ዳሱን ሰንጥቀው ገቡ።

«እማ! የት ነው?»

«ምኑ?»

«ጉድጓዱ!»

«ከኋላህ ነው። እንዳትገባበት።»

ዳምጠው ዞረ። ጉድጓዱን አየ። ጉድጓዱ ሙሉ ጭቃ ነው፤ ጭዱ ላዩ ላይ ተንሳፍፏል፤ የቦካው ሽታ እስከ ዳሱ ይመጣል። ያ ሽታ ልጅነቱ ነበር። ሰዉ ነገሩ ገብቶት በሳቅ አወካ። «መቃብር መስሎት ነው!» አለ የእድሩ ዳኛ፣ ወሬውን ገበያ ላይ ያደረሰው እሱ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

ዳምጠው ግን አፈረ፤ ሲያፍርም ተቆጣ። ሌሊቱን ሙሉ ሲሰጋ ያደረ ሰው ነው። በሰው ሁሉ ፊት ጮኸ።

«አዋረድሽን እኮ እማ! ለምንድን ነው? ምን ጎደለሽ? ንገሪኝ፣ በዚህ ዕድሜሽ ምን ጎደለሽ?»

ትርንጎ ከዘራዋን ተደግፋ ተነሳች።

«ምንም!» አለች። «ምንም አልጎደለኝም! ለዚህ ነው የደገስኩት!»

የዳሱ ሰው እጁን ከመሶቡ አነሳ።

«የጎደለው ሰው ይለምናል። የተበደለ ይከሳል። እኔ ግን የሞላልኝ ሰው ነኝ፤ የሞላለት ሰው ምን ያደርጋል? ክረምት ላይ አፌ ተዘግቶ ነበር። ምስኪን ስትሉኝ ሰማኋችሁ። ደስታ አላየችም ስትሉ ሰማኋችሁ። ማን ነገራችሁ? ከቢራራ ጋር ጭቃ ውስጥ ስወድቅ አብራችሁኝ ወድቃችኋል? ሞት ሳይወስደኝ፣ ምላሴ እንደገና ሳይታሰር፣ የማመሰግነውን አመስግኜ እሞታለሁ። ደስ ያላለው ጆሮውን ይድፈን!»

ከዚያ ጀመረች። የእድሩን ዳኛ አየችው። «አንተ ድንኳን ልታስጥፍልኝ የተጣደፍክ፣ ቢራራ የሞተ ቀን ንፋስ ሲነሳ የድንኳኑን ምሰሶ አቅፈህ የዋልከው አንተ ነህ። እግዜር ይስጥልኝ።» ዳኛው አንገቱን ደፋ።

«ደብሪቱ፣ ውሸታሟ። ልጄ በኩፍኝ የሞተ ጊዜ ሙሾ አላወረድሽም። አጠገቤ ተጋድመሽ እጄን ይዘሽ ዝም አልሽ። ከሙሾሽ ሁሉ ያ ይበልጥ ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።» ደብሪቱ ነጠላዋ ውስጥ ገባች።

«የውብዳር፣ ያጎረስሽኝ አጥሚት ምላሴን ፈታልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ልጄ።»

ዳምጠው ጋ ደረሰች። መልሱን ስለማታውቀው ፈራች። ግን ተናገረች።

«አንተ ደግሞ፣ የትምህርት ቤት ልብስህ እንዳይቆሽሽ አውልቀህ ማገር ላይ ሰቅለህ፣ በዚያች ትንሽ እግርህ ትረግጥልኝ ነበር። አንድ ቀን ‹እማ፣ ይሄ ቤት ለእኛ ነው?› አልከኝ። ‹አይ ልጄ፣ ለሰው ነው› አልኩህ። ‹ይሁን፣ እነሱም ይሙቃቸው› አልክ። እኔ ያቺን ቃል ይዤ ነው ያረጀሁት። ወገቤ ሲያመኝ እሷን አስባለሁ። አንተ ጭቃውን እርሳው ካልክ እርሳው፤ እኔ ግን አልረሳውም። ልጅ እናቱን ያመሰግናል ይባላል፤ ዛሬ እኔ ነኝ የማመሰግንህ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ዳምጤ።»

ዳምጠው መሬት መሬት አየ። ሰው ሁሉ እሱን ያያል። ሊሄድ ነው? ሊቆጣ ነው? ማንም አላወቀም፤ እናቱም አላወቀችም።

ጎንበስ አለና የጫማውን ክር ፈታ።

«እማ» አለ፣ ሱሪውን እየጠቀለለ፣ «እግሬ ረስቶት እንደሆነስ?»

«እግር አይረሳም። ግባ!»

ገባ። በሁለተኛው እርምጃው አዳለጠው፤ የውብዳርን ይዞ ወደቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተዉት! የእድሩ ዳኛ ገባ፣ ጎልማሶቹ ገቡ፣ ሽማግሌ ሳይቀር ሱሪውን ሰበሰበ። አባ ወልደ ሰንበት ብቻ ዳር ቆመው «እዚያ ጋ አልተረገጠም፣ እዚያ ጋ!» እያሉ በመቋሚያቸው ያሳዩ ነበር። ትርንጎ ከዳሱ ሥር ተቀምጣ፣ እንባና ሳቅ ተቀላቅሎባት፣ «ጭድ ጨምሩበት!» ትላለች። ማታ ላይ ቤቷ ስንጥቅ የሌለበት ድፍን ቤት ሆነ።

ትርንጎ ከዚያ በኋላም ኖረች። በመጨረሻ ሞተች፤ ማን ይቀራል? በቀብሯ ቀን ደብሪቱ ተነስታ ሙሾዋን ጀመረች። የመጀመሪያው ስንኝ አንድ ቃል ብቻ ተለውጦበታል።

ጭቃ ሲረግጥ ኖሮ ብርቱው እግርሽ፣

ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነችና ቆመች። ሁለተኛውን ስንኝ የጨረሰው ዳምጠው ነው። በአገር ፊት፣ ጮክ ብሎ።

አገር ሞቆት ያድራል ገብቶ ከቤትሽ።

ወገኖቼ፣ ይህን የነገርኳችሁ ድግስ ደግሱ ለማለት አይደለም። አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ብዬ ነው። የእናንተን ሙሾ ማን እያሰናዳው ነው?

እናንተ ጉሊት ተቀምጣችሁ ያሳደጋችሁ፣ የሰው ልብስ አጥባችሁ ያስተማራችሁ፣ ድንጋይ ተሸክማችሁ ቤት ያቆማችሁ፤ ሰው ሲያያችሁ ከንፈሩን ይመጥጣል። «ምስኪን» ይላል። እናንተም ቀስ በቀስ ታምኑታላችሁ። አምናችሁ ለራሳችሁ ታዝናላችሁ። እምቢ በሉ እንጂ! ልጃችሁ የመጀመሪያ ጥርሷን ያወጣችበት ቀን የት ሄደ? ባላችሁ ወጥ ልሥራ ብሎ ቤቱን በጭስ የሞላበት ቀንስ? ደክሟችሁ ተቀምጣችሁ፣ ጎረቤት ሳትጠሯት ውሃ ቀድታ ያመጣችላችሁ ቀንስ? ይህም ሕይወታችሁ አይደለም?

«ተመስገን» ማለት አልተቸገርኩም ማለት ይመስላችኋል? ትርንጎ አልተቸገረችም? ልጅ አልቀበረችም? ተመስገን ማለት ችግርን ፊት ለፊት አይቶ «አንተ ብቻህን የሕይወቴ ባለቤት አይደለህም» ማለት ነው። ይህን ለማለት ድፍረት ይጠይቃል። ከዘራ ተደግፎም ቢሆን መነሳት ይጠይቃል። ልጅ ሲቆጣ፣ ሆድ ሲፈራ፣ ሁለት መቀመጫ ባዶውን ሲያፈጥ፣ ያን ጊዜም መናገር ይጠይቃል።

እናንተስ ልጆች? እናታችሁ ያቦካችውን ጭቃ ለመርሳት ጫማ የምትለዋውጡ? እናታችሁ የምትፈልገው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ካርኒ ያለው ስጦታ ነው? አንድ ቀን ክሩን ፈታችሁ፣ እሷ የሠራችበት ቦታ እግራችሁን እንድታስገቡ ነው።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ አንድ ሰው ፈልጉ። ያጎረሳችሁን፣ ምሰሶ የያዘላችሁን፣ በክፉ ቀን አጠገባችሁ ዝም ያለውን። «እግዜር ይስጥልኝ» በሉት። ለምን እንደሆነም ንገሩት። ያፍራል፤ ይፈር። «ምነው፣ ልትሞች ነው?» ይላችኋል፤ ይበል። እናንተ ተናገሩ።

ያለቀሳችሁትን ሁሉ አልቃሽ ታውቀዋለች። የሳቃችሁትን ግን አታውቀውም። እሱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ምላሳችሁ እስካሁን አልታሰረም።

ታዲያ ማን ይናገረው?